የባለሀብት ቤተሰብ ገንዘብ ለጀማሪ ድርጅት፦ ኪሳራው የማን ነው?



ውድ እህትና ወንድሞች፣ በየዓመቱ ከሚመረቁት የጀመዓችን ልጆች መካከል ሥራ ከመፈለግ ይልቅ የራሳቸውን ስታርትአፕ መጀመር የሚያስቡ አሉ። ሐሳቡ አለ፣ አብሮ የሚሠራ ጓደኛም አይጠፋም፤ የሚቸግረው መነሻ ገንዘቡ ነው። የተለመደው ባንክ መያዣ ይጠይቃል፣ ብድሩም ከነወለዱ ነው። ከወለድ ነፃ ባንኮች በአገራችን መከፈታቸው አልሐምዱሊላህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ማንኛውም ባንክ የሕዝብ ተቀማጭ ገንዘብ በአደራ ስለያዘ፣ ገና ገቢ በሌለው ድርጅት ላይ በቀላሉ ደፍሮ አይገባም። ስለዚህ ዛሬ ብዙም የማይወራለትን ሌላ የገንዘብ ምንጭ እናያለን፦ ፋሚሊ ኦፊስን።

ፋሚሊ ኦፊስ ምንድን ነው?

አንድ ባለሀብት ቤተሰብ ባለሙያ ቀጥሮ የራሱን ሀብት የሚያስተዳድርበት ቢሮ ነው። በብዛት የሚጠቀሰው ምሳሌ የአሜሪካው የሮክፌለር ቤተሰብ ነው። በነዳጅ ንግድ የበለጸገው ጆን ዲ. ሮክፌለር ቢሮውን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። የልጅ ልጁ ሎረንስ ደግሞ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ገንዘቡን በአዳዲስ ድርጅቶች ላይ ማዋል ጀመረ፤ በ1939 የተመሠረተው የማክዶኔል አውሮፕላን ፋብሪካ አንዱ ነበር። በ1969 ይህ ሥራ ቬንሮክ በሚባል ድርጅት ተደራጀ። ቬንሮክም ለኢንቴል፣ ኋላም ለአፕል፣ ገና ጀማሪ ሳሉ ገንዘብ ካቀረቡት አንዱ ሆነ። ዛሬ በገልፍ አገራት ያሉ ትላልቅ ነጋዴ ቤተሰቦችም ተመሳሳይ ቢሮዎች አሏቸው።

ከሌላው ገንዘብ በምን ይለያል?

ቬንቸር ካፒታል የሚባለው ፈንድ የሌሎችን ገንዘብ ሰብስቦ የሚሠራ ነው። ገንዘቡን ብዙውን ጊዜ በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ ከነትርፉ ለባለቤቶቹ መመለስ ይጠበቅበታል። በዚህም ምክንያት ድርጅቱ ቶሎ እንዲያድግ ወይም ቶሎ እንዲሸጥ ይገፋፋል። የቤተሰብ ገንዘብ ግን የራስ ገንዘብ ስለሆነ እንዲህ ያለ ቀነ ገደብ የለበትም። እንደ ግብርና፣ ሕክምናና ማምረቻ ላሉ ጊዜ ለሚፈልጉ ሥራዎች ይህ ትዕግሥት ትልቅ ጥቅም ነው።

ጉድለትም አለው። ውሳኔው በአንድ ወይም በሁለት ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። አባት ሲሞት ወራሾች ሊለያዩ ይችላሉ፤ በዚህ መሐል ቃል የተገባው ሁለተኛ ዙር ገንዘብ ይቀራል። ቤተሰቡ በሌላ ንግድ የበለጸገ ከሆነም የእናንተን ሥራ ላያውቀው ይችላል።

ለእኛ እንግዳ አይደለም

እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነታቸው በፊት የእርሷን ንብረት ይዘው ወደ ሻም ለንግድ እንዲሄዱ እንዳደረገች ከሲራ እናውቃለን። በፊቅህ ሙዷረባ የሚባለው ውልም አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበትና ዕውቀት የሚያዋጣበት ነው። ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት መቶኛ ይካፈላሉ። ኪሳራ ከመጣ ገንዘቡ የሚጎድለው ከባለገንዘቡ ነው፤ ሠራተኛው ቸልተኛ ካልሆነና ውሉን ካልጣሰ በስተቀር የሚያጣው ድካሙን ነው። ሁለቱም ገንዘብ ካዋጡ ሙሻረካ ይሆናል፤ ኪሳራውም በካፒታላቸው መጠን ይከፈላል። በመርካቶም ነጋዴው ለእህቱ ልጅ ዕቃ ሰጥቶ ሱቅ ሲያስከፍተውና ትርፉን ሲካፈሉ የምናየው ይህንኑ መሰል ነገር ነው።

ውሉ ላይ ምን እንፈልግ?

ትዕግሥተኛ ገንዘብ ሁሉ ግን ሐላል ነው ማለት አይደለም። ወሳኙ ውሉ ነው። ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ኮንቨርቲብል ኖት የሚባለው ውል ብድር ነው። ኋላ ወደ አክሲዮን ይቀየራል ቢባልም፣ እስኪቀየር ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ወለድ ይታሰብበታል። ይህ ሪባ ነው፤ ስሙ ሊያታልለን አይገባም።

ሁለተኛ፣ ሴፍ የሚባለው ውል እ.ኤ.አ. በ2013 የመጣ ሲሆን ወለድም የመክፈያ ቀንም የለውም። ነገር ግን ባለገንዘቡ ስንት አክሲዮን እንደሚደርሰው በሚፈርምበት ቀን በቁርጥ አይታወቅም። ይህ የገረር ጥያቄ ስለሚያስነሳ ከመፈረም በፊት ዘርፉን የሚያውቅ ዓሊም መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ብዙ ውሎች ድርጅቱ ሲሸጥ ወይም ሲዘጋ ባለሀብቱ ገንዘቡን ቀድሞ እንዲወስድ የሚያደርግ አንቀጽ አላቸው። በቁጥር እንየው። እናንተና ጓደኞቻችሁ 1 ሚሊዮን ብር፣ ባለሀብቱ 2 ሚሊዮን ብር አዋጣችሁ እንበል። ድርጅቱ አልሆነለትምና በ1.5 ሚሊዮን ብር ተሸጠ። በሙሻረካ ሕግ እናንተ 500,000፣ እርሱ 1 ሚሊዮን ብር ትወስዳላችሁ፤ ሁላችሁም ያዋጣችሁትን ግማሽ አጣችሁ ማለት ነው። በዚያ አንቀጽ ከሆነ ግን 1.5 ሚሊዮኑን እርሱ ጠቅልሎ ይወስዳል፣ ለእናንተ ምንም አይተርፍም። የእናንተ ድርሻ ደግሞ ምናልባት እናታችሁ ወርቋን ሸጣ የሰጠቻችሁ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ማንም ገንዘብ ሲያቀርብልን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ይሰጡናል?» ብለን ሳይሆን «ቢከስር እንዴት እንካፈላለን?» ብለን ይሁን። ሰጪው አጎታችን ቢሆንም በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክርም ይኑረው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን ስለመጻፍና ስለማስመስከር መሆኑ በቂ ማስታወሻ ነው። መጻፍ ዝምድናን የሚያጎድል ሳይሆን የሚጠብቅ ነው።

አላህ ሐላል ሪዝቅን ይወፍቀን፣ በያዝነውም በረካ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።