የዕረፍት ሰዓት ቁራጭ ፊልሞች

አሜሪካ ውስጥ የቆዩ ፊልሞችን በሚያሳይ ሲኒማ ቤት በፊልም አጫዋችነት እሠራለሁ። የ1950ዎቹን ፊልም በዘመኑ ወግ ለማሳየት ስንነሣ ዋናውን ፊልም ማግኘት እምብዛም አያስቸግርም፤ ስቱዲዮው አድሶ፣ በሃርድ ዲስክ ጭኖ ይልከዋል። መከራው ያለው በፊልሙ ዙሪያ የነበረውን ማግኘቱ ላይ ነው። “በቅርብ ቀን” እያለ መጪውን ፊልም የሚያስተዋውቀው፣ ዕረፍት መሆኑን የሚያበስረው ካርቱን፣ ፈንዲሻና ለስላሳ እያሳየ የሚያስጎመጀው፣ “ፊልሙ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ቀረው” የሚለው ቆጣሪ፣ ይህ ሁሉ ዛሬ በፍለጋ ነው የሚገኘው። የሙያው ሰዎች እነዚህን ቁራጮች ስናይፕ ይሏቸዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አዲስ አበባ ውስጥ የሕንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው የፊልም ዕረፍትን ያውቀዋል። የሕንድ ፊልም ሠሪ ዕረፍቱን ከድርሰቱ ጀምሮ ያስብበታል፤ ታሪኩ ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ላይ ሲደርስ “ዕረፍት” የሚለው ጽሑፍ ራሱ በፊልሙ ላይ ታትሞ ይመጣል። ስለዚህ ፊልሙ ባለበት ሁሉ ዕረፍቱም አለ። የአሜሪካው፣ ከጥቂት ረጃጅም ፊልሞች በቀር፣ እንዲህ አልነበረም። ቁራጩ የአዳራሹ ንብረት እንጂ የፊልሙ አካል አይደለም። አጫዋቹ ከፊልሙ ጥቅል ጋር ይቀጥለዋል፤ ፊልሙ ወደ አከፋፋዩ ሲመለስ ቆርጦ ያስቀረዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከሌላ ፊልም ጋር ይቀጥለዋል። ስቱዲዮው የኔ ብሎ አላስቀመጠውም። ፍለጋዬ ከስቱዲዮ ማኅደር ይልቅ የአጫዋቾች መደርደሪያ ላይ የሚያተኩረው ለዚህ ነው።

ቁራጮቹን ሥራዬ ብለው የያዙ ድርጅቶች ግን ነበሩ። ኧርቪንግ ማክ በ1919 ቺካጎ ውስጥ የመሠረተው ፊልማክ ለባለ ሲኒማ ቤቶች በካታሎግ ይሸጥ ነበር፤ የራሱን ጽሑፍ የፈለገ ባለ ሲኒማም ልኮ ያሠራ ነበር። በ1920 ኒው ዮርክ ውስጥ የተነሣው ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ ደግሞ የትልልቆቹን ስቱዲዮዎች የመጪ ፊልም ማስታወቂያ (ትሬይለር) ውሎ አድሮ ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ያዘ። እሱ ግን ማስታወቂያውን ያከራይ ነበር፤ ታይቶ ሲያበቃ መመለስ ነበረበት። በአንድ አሮጌ የማጫወቻ ክፍል ውስጥ ከትሬይለር ይልቅ የፈንዲሻ ካርቱን ቶሎ የማገኘው በዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ከፊልማክ ሥራዎች ስሙ የገነነው በ1957 የወጣው፣ መክሰሶቹ እግር አውጥተው እየዘፈኑ የሚሰለፉበት “ሌትስ ኦል ጎ ቱ ዘ ሎቢ” ነው። በ2000 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል። አንድ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ የመክሰስ ማስታወቂያ ከታላላቆቹ ፊልሞች ጋር በአንድ መዝገብ መስፈሩ ተገቢ ነው እላለሁ። ያን ዘመን የኖሩ ተመልካቾቻችን የፊልሙን ታሪክ ረስተው የዚህን ዜማ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያንጎራጉሩ ሰምቻለሁ።

ቁራጮቹ የበዙትና መልካቸው የተለያየው መኪና ውስጥ ተቀምጠው በሚያዩባቸው ሲኒማዎች፣ በድራይቭ ኢኖቹ ነው። የመጀመሪያው በ1933 ካምደን፣ ኒው ጀርዚ ተከፈተ፤ በ1958 ገደማ በመላ አገሪቱ ወደ 4,000 ደርሰው ነበር። ከትኬቱ ገንዘብ ብዙውን አከፋፋዩ ስለሚወስድ ባለቤቱን የሚያኖረው ምግቡ ነው። ሁለት ፊልም በሚታይበት ምሽት፣ በመሃሉ ሰዉ ከመኪናው ወርዶ ወደ ምግብ መሸጫው መሄድ፣ ገዝቶም በጊዜ መመለስ አለበት። ቆጣሪው የተፈጠረው ለዚህ ነው። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሄድ በደቂቃ ከ27 ሜትር በላይ ይበላል፤ የአሥር ደቂቃ ቆጣሪ ወደ 274 ሜትር ፊልም ነው። በዚያ ርዝመት ውስጥ ያልተሰገሰገ ነገር የለም። በመስኮቱ ላይ የተንጠለጠለውን ድምፅ ማጉያ ሳይመልሱ መኪናቸውን እንዳያስነሡ ተመልካቾችን የሚለምን አለ። ፒክ የተባለውን፣ በጭሱ ትንኝ የሚያባርር ጥቅል የሚያስተዋውቅ አለ፤ በበጋ ምሽት መስኮት ከፍቶ ለሚቀመጥ ሰው ትንኝ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ የሚመክርም አለ። ሰዉ ምን እንደበላ፣ ምን እንዳስቸገረው፣ ባለ ሲኒማው ምን ብሎ እንደተማጸነው ከዋናው ፊልም በላይ የሚነግሩኝ እነዚህ ናቸው።

የት ይገኛሉ? በ2013 ማብቂያ ፓራማውንት በአሜሪካ የ35 ሚሊ ሜትር ኮፒ ማሠራጨት ያቆመ የመጀመሪያው ትልቅ ስቱዲዮ ሲሆን ያልተሻገሩት ሲኒማ ቤቶችም በጥድፊያ ወደ ዲጂታል ተሻገሩ። የድሮው ፕሮጀክተር ሲነቀል በክፍሉ የነበረው የፊልም ቆርቆሮ ሁሉ አብሮ ተጠረገ። የተረፈው አጫዋቾቹ ወደ ቤታቸው የወሰዱት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ደጄ ጡረታ የወጡት አጫዋቾች ናቸው። አንድ አዛውንት ጋራዣቸው ውስጥ ያኖሩትን ሲያሳዩኝ እያንዳንዱ ቁራጭ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በላዩ በእርሳስ ርዝመቱ ተጽፎ አገኘሁት። ከማንም ማኅደር ያላነሰ አያያዝ ነው።

ሁለተኛው ደጅ ማኅደሮቹ ናቸው። ሪክ ፕሪሊንገር ለዓመታት የማስታወቂያ፣ የትምህርትና የፋብሪካ ፊልሞችን፣ ሌላው ሰው ከቁጥር የማያስገባቸውን፣ ሲሰበስብ ኖሮ ከ60,000 የሚበልጡት በ2002 ወደ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል፤ ብዙዎቹም በኢንተርኔት አርካይቭ በነፃ ይወርዳሉ። ለትሬይለር ደግሞ የኦስካር ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ የፊልም ማኅደር አለ። የቪዲዮ ካሴት ዘመን ስብስቦችም አሉ፤ የሲያትሉ ሰምዚንግ ዊርድ ቪዲዮ የድራይቭ ኢን ቁራጮችን ሰብስቦ ባያወጣ ኖሮ ብዙዎቻችን የፍለጋውን መጀመሪያ አናውቀውም ነበር። ካሴቱን ምን መፈለግ እንዳለብኝ ለማወቅ እጠቀምበታለሁ፤ አሥር ሜትር ስክሪን ላይ ግን አላወጣውም።

ቆርቆሮ ሲመጣልኝ መጀመሪያ አሸትታለሁ። የኮምጣጤ ሽታ ካለው ፊልሙ የተሠራበት አሲቴት መበስበስ ጀምሯል፤ ፊልሙ ይሸበሸባል፣ ያጥራል፣ ሽታውም ጎረቤቱን ያበላሻል። እሱን ከሌሎቹ ለይቼ አስቀድሜ ስካን አስደርገዋለሁ። ቀጥሎ ጠርዙን በማጉያ መነጽር አያለሁ። ኮዳክ በፊልሙ ጠርዝ ላይ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን ምልክቶች ያትም ነበር፤ የተመረተበትን ዓመት ይነግራሉ። ምልክቱ በየ20 ዓመቱ ስለሚደገም 1957ን የሚናገረው 1937 ወይም 1977ም ሊሆን ይችላል፤ በምስሉ ላይ ያለው የመኪና ሞዴልና የሴቶቹ ቀሚስ ይለየዋል። ናይትሬት የሚል ካነበብሁ እዚያው አቆማለሁ። እስከ 1950ዎቹ መባቻ ይመረት የነበረው ይህ ፊልም አንዴ ከተያያዘ ውሃ አያጠፋውም፤ በቀጥታ ለማኅደር ባለሙያ ይሰጣል።

ከስካኑ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ምኑን አድሼ ምኑን ልተው የሚለው ነው። መለኪያዬ አንድ ነው፤ ቁራጩ ያኔ በታየበት ምሽት አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ያየው ምን ነበር? በኢስትማንከለር የታተመ የዚያ ዘመን ኮፒ ዛሬ ሲከፈት ቀይ ሆኖ ነው። ከሦስቱ ቀለሞች ሲያን የሚባለው አረንጓዴ ሰማያዊው በጨለማም ቢቀመጥ ቀድሞ ስለሚጠፋ ሮዝማው ብቻ ይቀራል። የ1960 ተመልካች ቀይ ፈንዲሻ አላየም፤ ስለዚህ ቀለሙን መልሼ አመጣዋለሁ። ከአንዳንዱ ቁራጭ ሲያኑ እስከ ሥሩ ጠፍቶ የሚመለስ የለውም፤ በቴክኒከለር የቀለም ማተሚያ የወጣ ኮፒ ካጋጠመኝ ግን ቀለሙ እንደ ነበረ ነው፤ ሌሎቹን የማስተካክለውም እሱን እያየሁ ነው። ጭረቱንስ? ጭረቱን ያን ምሽትም አይተውታል። በየሳምንቱ ሲቆረጥና ሲቀጠል የኖረ ፊልም በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሜትር ላይ መጎዳቱ የግድ ነው። ስለዚህ አቧራውን አስጠርጌ ጭረቱን እተወዋለሁ። ዛሬ ሰዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት “አጥርተው” የሚያሠራጯቸው ቁራጮች ላይ የፊልሙ ቅንጣት ተልጦ ፊቶቹ ሰም መስለዋል። እንዲህ ያለውን፣ ምንም ያህል ደማቅ ቢሆን፣ አላሳይም።

ስካን ማድረግ የማይቻልበትና ያለው የቪዲዮ ቅጂ ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ ቪዲዮ በሰከንድ ወደ 30 ምስል፣ በትክክል 29.97 ነው። የፊልሙን 24 ፍሬም ወደዚያ ለማድረስ ከየአራቱ ፍሬም አምስት ምስል ተሠርቷል፤ ከአምስቱ ሁለቱ የሁለት ፍሬሞች ቅልቅል ናቸው። ቴሌቪዥን ላይ አይታወቅም። ትልቅ ስክሪን ላይ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ቅልቅሉን ፈትቶ አራቱን እውነተኛ ፍሬሞች መመለስ፣ ፍጥነቱን ወደ ሙሉ 24 ማምጣት፣ ድምፁንም በዚያው ልክ ማፍጠን ያስፈልጋል። ይህን ሳይሠሩ ፋይሉን በደፈናው ወደ 24 የሚቀይሩ ሶፍትዌሮች ውጤታቸው ሲንገጫገጭ ከኋለኛው ወንበር ይታየኛል።

ከዚያ ወደ ዲሲፒ፣ ማለትም የሲኒማ ሰርቨሩ ወደሚያነበው ቅርጽ፣ መለወጡ ይቀራል። ዲሲፒ ኦ ማቲክ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። ልብ የሚፈልገው የምስሉ ስፋትና ቁመት ነው። የዲጂታሉ ሰፊ ቅርጽ 1998 በ1080 ፒክስል ነው፤ ለድሮው ጠባብ ምስል ከዚያ ውስጥ 1480 በ1080 ብቻ ተወስዶ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። ስክሪኑን ለመሙላት ብሎ መለጠጥ የዳንሰኛን እግር ማሳጠር ነው። ድምፁም እንዲሁ። ፊልሙ ላይ በብርሃን የተቀረጸው ባለ አንድ መስመር ድምፅ ከስክሪኑ መሃል፣ ከአንድ ቦታ ነበር የሚወጣው፤ ስለዚህ በመሃለኛው ድምፅ ማጉያ ብቻ አስኬደዋለሁ። የዚያ ዘመን አዳራሽ ቀጭኑን ድምፅ ያለዝብ ስለነበር እኔም አለዝበዋለሁ፤ አለዚያ የሚሰማው ሽሽሽታው ነው። ከፍታውን ሰው በሌለበት አዳራሽ ውስጥ ከዋናው ፊልም ጋር አስተያይቼ እወስናለሁ።

የባለቤትነት መብቱን ሳላጣራ አላሳይም። በአሜሪካ ሕግ ከ1964 በፊት የወጣ ሥራ በ28ኛው ዓመት መብቱ ካልታደሰለት የሕዝብ ሆኗል፤ ከ1978 በፊት የመብት ማስታወሻ ሳይታተምበት የወጣም በአብዛኛው እንዲሁ። ብዙ ቁራጮች በዚህ ያልፋሉ። ነገር ግን በውስጡ ያለው ዘፈን ወይም የካርቱን ገጸ ባሕርይ የሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል የመብት መዝገቡን አገላብጣለሁ፤ ባለቤት ካገኘሁ እጽፍለታለሁ።

እስከ ዛሬ አጥብቄ የምፈልገው ግን ፋብሪካ ያባዛውን አይደለም። ባለ ሲኒማው የሰፈሩን ጋራዥ፣ የሰፈሩን ፀጉር ቤት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ምግብ ቤት ለማስተዋወቅ ለአንድ አዳራሽ ብቻ ያሠራው አለ። ከእሱ የታተመው አንድ ኮፒ ወይም ሁለት ነው፤ ያ ከጠፋ ያ ሰፈር በፊልም የለም። እዚህ አሜሪካ አሮጌ ሲኒማ ቤት ገዝቶ ወይም ተከራይቶ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመጋዘን ወይም ለሠርግ አዳራሽ የሚያድስ አንባቢ ካለ ልለምነው፦ ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ከፍ ብላ ያለችውን ትንሽ መስኮት ያላት ክፍል ሠራተኞቹ ከማጽዳታቸው በፊት ራሱ ይግባባት። መደርደሪያ ላይ፣ በጠረጴዛው ሥርም፣ በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ የፊልም ጥቅል ካገኘ አይዘርጋው፣ ፀሐይ ላይ አያኑረው፣ መኪና ውስጥም አይተወው። ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ያስቀምጠውና በአቅራቢያው ላለ የፊልም ማኅደር ወይም የቆየ ፊልም ለሚያሳይ ሲኒማ ቤት ይደውል።