የአሮጌ ላንድክሩዘር ዕድሜ በምን ይታወቃል? ተረትና እውነታ

አሮጌ ላንድክሩዘር ሊገዛ የወጣ ሰው ከደላላው አንድ ዓመተ ምህረት፣ ከባለቤቱ ሌላ፣ አብሮት ከሄደው መካኒክ ደግሞ ሦስተኛ ቢሰማ አይገረም። ቶዮታ 70 የሚባለውን ሞዴል በ1984 አውጥቶ እስከ ዛሬ መልኩን ብዙም ሳይለውጥ ይሠራዋል። ስለዚህ በዕድሜ ብዙ የሚራራቁ ሁለት ሃርድቶፖች ጎን ለጎን ሲቆሙ መንታ ይመስላሉ። ስህተቱ ግን ያስከፍላል። ዓመቱን የሳተ ገዢ ከሚገባው በላይ ይከፍላል፣ የማይገጥም መለዋወጫም ገዝቶ ይመለሳል። የፎር ዊል ድራይቩን ዓይነት የሳተ ደግሞ ጥርስ ያስበላል።

ሁሉንም ጥርጣሬ የሚፈታ አንድ ደንብ አለ፦ በመፍቻ የሚፈታ ነገር ስለ መኪና ዕድሜ ብቻውን ምስክር መሆን አይችልም። ከሚከተሉት ስድስት ተረቶች አራቱ ስለ ዕድሜ፣ ሁለቱ ስለ ፎር ዊል ድራይቩ ዓይነት ናቸው፤ አንዳንዶቹም ይህን ደንብ ከመዘንጋት የመጡ ናቸው። የሞዴል ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ተረት 1፦ «የፊት መብራቱ ክብ ከሆነ አሮጌው ሞዴል ነው»

እውነታው፦ 70ው በ1984 ሲወጣ ሃርድቶፑና ፒክአፑ ክብ መብራት ነበራቸው። በ2007 ፊቱ ሰፋ፣ መብራቱም ክብነቱን ተወ። በ2023 ይፋ በሆነው አዲሱ 70 ላይ ግን ክቡ መብራት ተመልሷል። ስለዚህ ክብ መብራት በጣም አሮጌውንም በጣም አዲሱንም ሊያመለክት ይችላል። በሌላው ላንድክሩዘር በ60 ሞዴል ላይ ደግሞ በ1987 አራት ማዕዘን የሆኑ አራት መብራቶች ያሉት ፊት መጣ፤ ይሁንና የአንዱ 60 ፊት ከእነ ፍርግርጉ ተነቅሎ ለሌላው ይገጠማል።

ከመብራቱ ይልቅ ጎማውን ማየት ይሻላል። እስከ 1999 ድረስ የነበሩት ሃርድቶፕና ፒክአፕ፣ ማለትም 75ቶቹ፣ እያንዳንዱ ጎማቸው በስድስት ዳዶ ይታሰራል፤ ፊታቸውም ኋላቸውም ባሌስትራ ነው። በዚያው ዓመት በ78 እና በ79 ሲተኩ የጎማው ዳዶ አምስት ሆነ፣ የፊቱ ባሌስትራም በሞላ ተለወጠ። ጎንበስ ብሎ ዳዶ መቁጠርና ከፊት ጎማ ጀርባ ምን እንዳለ ማየት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመሰክሩ ስህተት ይቀንሳል፤ አንዱ ስድስት ሌላው ሞላ ካለ ግን አንድ ነገር ተቀይሯል ማለት ነውና ጥያቄ ያስፈልጋል።

ተረት 2፦ «ዓመቱ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

እውነታው፦ ወረቀት ላይ ያለ ዓመት የየትኛው ቀን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። መኪና የተሠራበት፣ ጉምሩክ ያለፈበትና መጀመሪያ ሰሌዳ ያገኘበት ጊዜ ሦስት የተለያዩ ቀኖች ናቸው፤ በመካከላቸው ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። የሰሌዳ ቁጥርም ቢሆን የሚናገረው የምዝገባን ተራ እንጂ የፋብሪካን ዘመን አይደለም።

በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠራችን ይጨመራል። ሻጩ «ዘጠና ሁለት ነው» ሲል በፈረንጁ 1992 ማለቱ ከሆነ መኪናው ባለ ባሌስትራው 75 ነው። በእኛ 1992 ዓ.ም. ማለቱ ከሆነ ግን በፈረንጁ ከመስከረም 1999 እስከ መስከረም 2000 ያለው ጊዜ ነው፤ ይህም አዲሱ 78 የመጣበት ወቅት ነው። በአንድ ቁጥር ሁለት የተለያየ መኪና ተጠራ ማለት ነው። ዕድሜ የታክስም ጉዳይ ነው፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አገልግሎት ሰጥቶ ወደ አገር በሚገባ መኪና ላይ እንደ ዕድሜው ከፍ እያለ የሚሄድ ታክስ ጥሏል።

ተረት 3፦ «ከሻንሲ ቁጥሩ አሥረኛው ፊደል ዓመቱን ይናገራል»

እውነታው፦ ይህ ለአሜሪካ ገበያ ለተሠራ መኪና እውነት ነው። እዚያ ከ1981 ሞዴል ጀምሮ የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ አሥረኛውም የሞዴል ዓመትን እንዲያሳይ ሕግ ያስገድዳል። ከአሜሪካ መኪና ገዝቶ የላከ ዘመድ በዚህ ዘዴ ቢምል እውነቱን ነው። ወደ አፍሪካና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚላከው ቶዮታ ግን በዚያ ሕግ አይገዛም፤ አሥረኛው ቦታ ላይ ዜሮ ተቀምጦ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ደግሞ ጭራሽ 17 የለውም፤ የሞዴሉ መለያ፣ ከዚያም ተራ ቁጥሩ ብቻ ነው።

የሚጠቅመው የሞዴል መለያው ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ከሞተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በተለጠፈች ቆርቆሮ ላይ ይገኛል። «ኤች ዜድ ጄ 78 ኤል» የሚል ቢነበብ «ኤች ዜድ» ፋብሪካው የገጠመው ሞተር ነው፣ «ጄ» የላንድክሩዘር ቤተሰብ ምልክት ነው፣ 78 አካሉን ይናገራል፣ «ኤል» መሪው በግራ መሆኑን ያሳያል። «ኤች ጄ 75» ከሆነ ሁለት ኤች የተባለው ሞተር የነበረበት ከ1984 እስከ 1990 የተሠራው ነው፤ «ኤች ዜድ ጄ 75» ከሆነ ከ1990 እስከ 1999 ያለው ነው። አንዲት ፊደል ዘመን ትለያለች። ቆርቆሮዋም ብትሆን ተነቅላ ልትለወጥ ስለምትችል የቀኝ ፊት ጎማ አካባቢ ሻንሲው ብረት ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር መመሳሰሏ መረጋገጥ አለበት።

ተረት 4፦ «ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ነው፤ ስለዚህ መኪናው ከ1990 ወዲህ ነው»

እውነታው፦ ባለ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር የሆነው ይህ ናፍጣ ሞተር በ1990 መምጣቱ ልክ ነው። ነገር ግን ሞተር ይቀየራል። የደከመ ሁለት ኤች አውጥቶ ዋን ኤች ዜድ ማስገባት በጋራዥ ዓለም የታወቀ ሥራ ነው። ሞተሩ ስለ ራሱ ዕድሜ ይመሰክራል፤ ስለ መኪናው ግን መለያው ብቻ ይናገራል። ቆርቆሮዋ «ኤች ጄ» እያለች ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ከሆነ መኪናው አሮጌ፣ ሞተሩ ተለዋጭ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ ነውሩ መደበቁ ነው።

ተረት 5፦ «ፎር ዊል ከሆነ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይጎትታል፤ አስፋልት ላይም ቢገባ መኪናውን ያጸናዋል»

እውነታው፦ ከተረቶቹ ሁሉ ብዙ ብረት የሚሰብረው ይህ ነው። ላንድክሩዘር 40፣ 60 እና አብዛኛው 70 ፓርት ታይም ናቸው፤ በተራ መንገድ የሚጎትተው የኋላው ብቻ ነው። አሽከርካሪው ትንሹን ማርሽ ወደ ኤች4 ሲያስገባ የፊትና የኋላ ዘንጎች እንደ አንድ ብረት ይጠመዳሉ፤ በመካከላቸው የፍጥነት ልዩነት የሚያስታርቅ ዲፍረንሻል የለም። ኩርባ ላይ ደግሞ የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ የረዘመ መንገድ ይጓዛሉ። ጭቃ ወይም ኮረት ላይ ጎማው ትንሽ ሸርተት እያለ ልዩነቱን ያስተናግደዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ መንሸራተቻ ስለሌለ ውጥረቱ ዘንጉ ውስጥ ይጠራቀማል፦ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይጮኻል፣ ክሮቸራው ይጎዳል፣ ማርሹም አልወጣም ይላል። እንዲህ ሲሆን ማርሹን በጉልበት መጎተት አይገባም፤ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሲነዱ ውጥረቱ ይላላና ይወጣል።

ፉል ታይም የሆኑት፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ ላንድክሩዘር 80ዎች፣ በመካከል ሦስተኛ ዲፍረንሻል ስላላቸው አስፋልት ላይ ችግር የለባቸውም። እነሱም ድክመት አላቸው፦ አንድ ጎማ ጭቃ ውስጥ በከንቱ ሲሽከረከር ጉልበቱ ሁሉ ወደዚያ ይፈስሳል። ለዚህ ነው የመካከለኛውን ዲፍረንሻል መቆለፊያ ቁልፍ የተሠራላቸው።

ተረት 6፦ «ባሌስትራ ያለው ፓርት ታይም፣ ሞላ ያለው ፉል ታይም ነው፤ የፊት ጎማው መሃል ማዞሪያ ከሌለውም ፉል ታይም ነው»

እውነታው፦ ባሌስትራና ሞላ መኪናው እንዴት እንደሚነጥር እንጂ ማን እንደሚጎትተው አይናገሩም። ዋን ኤች ዜድ ሞተር ያለው 80 በአራቱም ጎማ ሞላ ነው፤ ግን ፓርት ታይም ሆኖ የተሠራው ብዙ ነው። በተቃራኒው ከ1979 ጀምሮ የተሠራው ባለ ቪ8 ላንድሮቨር ባሌስትራ እያለው አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይጎትታል። ፉል ታይም የቅንጦት ምልክት ነው የሚለውንም ትንሿ የላዳ ኒቫ ታፈርሰዋለች፤ ከ1977 ጀምሮ ፉል ታይም ናት።

ጎማ መሃል ያለው «ሎክ» እና «ፍሪ» የሚል ማዞሪያ ካለ መኪናው በአብዛኛው ፓርት ታይም ነው። አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ በራሱ የሚቆልፍ ሃብ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ባለቤቱ አውጥቶ በድፍን ክዳን ተክቶት ይሆናል። ከመኪናው ሥር ገብቶ የፊት ዘንግ መፈለግም አይጠቅም፤ ሁለቱም ዓይነቶች አላቸው።

ቁርጡን የሚናገረው የትንሹ ማርሽ እጀታ ነው። ኤች2፣ ኤች4 እና ኤል4 የሚል ከተጻፈበት ፓርት ታይም ነው፤ ሁለት ጎማ ብቻ የሚጎትትበት ቦታ አለውና። ኤች እና ኤል ብቻ ካለው፣ በዳሽቦርዱ ላይም የመካከለኛው ዲፍረንሻል መቆለፊያ ካለ ፉል ታይም ነው። እጀታው ተቀይሮ ጽሑፍ ከሌለው በኮረት መንገድ ላይ መካኒክ ባለበት ቦታዎቹን እየቆጠሩ መሞከር ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ጊዜ ይቆጥባል፦ መጀመሪያ ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር፣ ቀጥሎ ኮፈን ውስጥ ያለችው ቆርቆሮ፣ ከዚያ ዳዶና ባሌስትራ፣ ከዚያ የትንሹ ማርሽ እጀታ፣ በመጨረሻ ወረቀቱ። የደህንነት ቀበቶ ሥር ያለ ጨርቅ ላይ የሚታተም ዓመትም ጥሩ ማመሳከሪያ ነው፤ ከመኪናው ብዙ የሚርቅ ከሆነ ቀበቶው ከሌላ መኪና መጥቶ ይሆናል። ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር ተሞርዶ ወይም ዙሪያው ተበይዶ ከተገኘ ግን ቀሪውን መቁጠር አያስፈልግም፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ያን መኪና መተው ነው።