የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሒሳብ ከግዢው በኋላ

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ፣ የነጋዴው ዓይን ወደ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ዞሯል። ይሁን እንጂ ብዙው ገዢ የሚመረምረው የግዢውን ዋጋና የነዳጁን ቁጠባ ብቻ ነው። ሙሉው ሒሳብ ግን ከዚህ የሰፋ ነው።

በቁጠባው በኩል፣ ይህ አውቶሞቢል የሞተር ዘይትም ሆነ ካንዴላ አይፈልግም። ፍጥነቱ ሲቀንስ ሞተሩ ኃይልን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ የፍሬን ሸራው ቶሎ አያልቅም። በወጪው በኩል ደግሞ ክብደቱ ከአቻው የቤንዚን አውቶሞቢል ስለሚበልጥ ጎማው ፈጥኖ ይበላል።

ከሁሉ የሚበልጠው የባትሪው ጉዳይ ነው። ባትሪ በዕድሜና በአገልግሎት ብዛት ኃይል የመያዝ ችሎታው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ብርቱ ሙቀትና አዘውትሮ በፈጣን ቻርጀር መሙላት ድካሙን ያፋጥኑታል። ብዙ ፋብሪካዎች ለባትሪው የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከሁለቱ አንዱ አስቀድሞ ሲደርስ ያበቃል። ይህም ዋስትና ለአንድ አገር ገበያ ብቻ የተሰጠ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አስመጪው የባንክ መተማመኛ ሰነድ ከመክፈቱ አስቀድሞ፣ ዋስትናው በኢትዮጵያ የሚጸና መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጥ። ያገለገለ የሚገዛም የባትሪውን ቀሪ ችሎታ በመሣሪያ ያስመርምር። አውቶሞቢሉን ለሥራው የሚይዝ ነጋዴ ደግሞ ለባትሪው መተኪያ በየዓመቱ ድርሻ ያስቀምጥ። ከነዳጅ የተረፈው ገንዘብ ሁሉ ትርፍ ተብሎ ከተበላ፣ የባትሪው ተራ በደረሰ ጊዜ ከዋናው መክፈል ግድ ይሆናል።