ጭስና ነፋስ ሲገናኙ

እንደ ኡኬ ባሉ የወለጋ ከተሞች የናፍጣ ወፍጮ ሲነሣ ከጣሪያ በላይ በቆመው ቱቦ የሚወጣውን ጭስ ልብ ብለን እንመልከት። ጭሱ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጥቂት ከፍ ካለ በኋላ ጎብጦ ከነፋሱ ጋር ይጓዛል። ለምን? ብንባል «ነፋሱ ስለገፋው» እንላለን። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው።

ከጠባብ ቀዳዳ በኃይል የሚወጣ ፍሰት ጄት ይባላል። ፍሰቱ ነውጠኛ ሲሆን በዳርቻው የሚፈጠሩት ሽክርክሪቶች በዙሪያው ያለውን አየር ወደ ውስጥ ይስባሉ። የተሳበው አየር የነፋሱን የጎን ሞመንተም ይዞ ስለሚገባ ጄቱ እየጎበጠ ይሄዳል። በነፋሱ ፊት ያለው ግፊት ከጀርባው መብለጡም ጉብጠቱን ያግዛል።

ነፋሱ በግራና በቀኝ ሲያልፍ የጄቱን ጠርዞች ወደ ኋላ ይጎትታል። በዚህም ጄቱ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ጥንድ ሽክርክሪቶችን ይፈጥራል፤ አካሉም ተቆርጦ ቢታይ የኩላሊት ቅርጽ ይኖረዋል። ንጹሕ አየር ከሥር በሁለቱ መካከል እየገባ ጭሱን ያሳሳዋል።

ጭሱ የሚደርስበትን ከፍታ በዋናነት የሚወስነው የጄቱ ፍጥነት ለነፋሱ ፍጥነት ያለው ውድር ነው። የአፉ ስፋት 2 ሜትር ከሆነ የጭስ ማውጫ ጭስ በሴኮንድ 12 ሜትር ፍጥነት ቢወጣና ነፋሱ 3 ሜትር ቢሆን ውድሩ 4 ነው። የጋዙን ሙቀት ለጊዜው ብንተው፣ ጭሱ 64 ሜትር ርቆ ሲሄድ ከአፉ በላይ 32 ሜትር ያህል ይሆናል። ነፋሱ 6 ሜትር ሲሆን ግን ከፍታው ወደ 20 ሜትር ይወርዳል። የጋዙ ሙቀት በዚህ ላይ ተጨማሪ ከፍታ ይሰጠዋል።

ውድሩ ከ1.5 በታች ሲወርድ ጭሱ ከማውጫው ጀርባ ወዳለው ዝቅተኛ ግፊት ተስቦ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። በ1991 ዓ.ም. ማምረት እንደጀመረው እንደ ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ያሉ ተቋማት የአገዳ ገለባ አንድደው እንፋሎት ያመነጫሉ፤ ስለዚህ ይህ ስሌት ይመለከታቸዋል። ከላይ ባየነው ምሳሌ የጋዙ መጠን ሳይለወጥ የማውጫው አፍ ወደ 4 ሜትር ቢሰፋ ፍጥነቱ በአራት ተካፍሎ 3 ሜትር፣ ውድሩም 1 ብቻ ይሆናል። ማውጫው በቁመት ባያጥርም ጭሱ በነፋሱ አቅጣጫ ወደሚኖሩት ሰዎች ይቀርባል። እንግዲህ መሐንዲሱ ከቁመቱ ጋር የአፉንም ስፋት ማስላት ይኖርበታል።