ላሊበላ ላይ 75 ጤነኛ ቁጥር ነው

የመኪናውን ቁልፍ ከፍተን ሞተሩን ሳናስነሳ ስካነሩን ብናነብ፣ የአየር ማስገቢያው ግፊት ሴንሰር የሚነግረን የአካባቢውን የአየር ግፊት ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ያሳያል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ላሊበላ ግን 75 አካባቢ። ሴንሰሩ አልተበላሸም፤ አየሩ ሳስቶ ነው። የቆላውን ቁጥር ብቻ የሚያውቅ መካኒክ ደህናውን ሴንሰር ነቅሎ ሊጥል ይችላል፤ ኪሳራው የባለመኪናው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከላሊበላ አጠገብ ያለውን የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዳገት ሲወጣ የሚደክመውም ለዚሁ ነው፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ቢረገጥ እንኳ ንባቡ ከ75 ብዙም አያልፍም፣ ከፍታው ሲጨምር ደግሞ ይቀንሳል። የቤንዚን ሞተር ተነሥቶ፣ ሞቆ፣ ፔዳሉ ሳይረገጥ ግን ንባቡ ወደ 30ዎቹ ይወርዳል። ላሊበላ ላይ ሞተሩ ሳይነሣ 101 ካነበብን ያኔ ሶኬቱንና ሽቦውን መፈተሽ ይገባል።