ዛፉን ሳይሆን መሬቱን መሳል

ከመቱ ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ በዓይን የማይታይ አንድ ድንበር ያቋርጣል፤ 36 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስን። ዓለምን በ60 ዞኖች የሚከፍለው የዩቲኤም የካርታ መረብ ሁለት ዞኖች እዚህ ላይ ይገናኛሉ። መቱ፣ ጎሬና ያዮ በ36ኛው ዞን ሲወድቁ በደሌ ወደ 37ኛው ትገባለች። መንገደኛን አያስጨንቀውም። በኮምፒዩተር ካርታ የሚሠራ ሰው ግን ዞኑን ቢሳሳት ከተማዋ ከቦታዋ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቃ ታርፋለች።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ግድ ከሚላቸው ሙያዎች አንዱ የኦሪየንቲሪንግ ካርታ ሥራ ነው። ኦሪየንቲሪንግ ተወዳዳሪዎች ካርታና ኮምፓስ ይዘው፣ መሬት ላይ የተተከሉ ነጥቦችን በቅደም ተከተል እያገኙ፣ መንገዱን ግን ራሳቸው እየመረጡ የሚሮጡበት ስፖርት ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጀመሪያ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1897 በኖርዌይ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የካርታውን ምልክቶች እስከ መስመሩ ውፍረት ድረስ ይወስናል። የጫካ ካርታ ስኬሉ 1:15,000 ነው፤ የከተማው 1:4,000። አገራችን ለዓመታት በተጠቀመችባቸው የ1:50,000 ካርታዎች አንድ ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ሲወክል፣ በከተማው የሩጫ ካርታ 40 ሜትር ብቻ ይወክላል።

ይህን ሥራ ከእጅ ወደ ኮምፒዩተር ያሻገረው የስዊዘርላንዱ ኦካድ ነው። ዛሬ ደግሞ በነፃ የሚገኘው ኦፕን ኦሪየንቲሪንግ ማፐር በስልክ ላይ ሳይቀር ይሠራል። የሣተላይት ምስል ከሥር ይነጠፋል፤ ካርታ ሠሪው በላዩ ላይ ቡናማውን ለከፍታ መስመር፣ ሰማያዊውን ለውኃ፣ ጥቁሩን ለድንጋይና ለሰው ሥራ እየመረጠ ይሥላል። የስልኩ ጂፒኤስ የቆመበትን ቦታ እዚያው ካርታው ላይ ያሳየዋል።

መቱ ከተማን በዚህ መንገድ መጀመር አይከብድም። የቆርቆሮ ጣሪያዎቹና መንገዶቹ ከሰማይ ይታያሉ፤ በጎ ፈቃደኞች ከሚሞሉት ኦፕንስትሪትማፕም መንገዶችን ማስገባት ይቻላል። ሣተላይቱ የማይነግረው አጥሩን ነው። ሯጭ ሊሻገረው የማይፈቀድ አጥር በወፍራም ጥቁር መስመር፣ የግለሰብ ጓሮ በወይራ አረንጓዴ መቀባት ስላለበት ሰፈሩን በእግር መዞር የግድ ይሆናል።

የቆየ ካርታ ስካን አድርጎ ለመነሻነት የሚጠቀምም ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። የኢትዮጵያ ነባር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለ የልኬት መነሻ ሲሆን ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 200 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ፣ ሶፍትዌሩ ካልተነገረው በ1:4,000 ካርታ ላይ ሁሉም ነገር አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይንሸራተታል።

እውነተኛው ፈተና ያዮ ላይ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው የያዮ የቡና ደን ጥብቅ ሥፍራ 167,021 ሄክታር ይሸፍናል፤ የዱር ቡና ከዛፎቹ ጥላ ሥር ይበቅልበታል። የሣተላይት ምስል እዚህ የሚያሳየው የዛፍ አናት ብቻ ነው። የከፍታ መረጃውም ቢሆን ያው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር የተሰበሰበው የራዳር ልኬት ጥቅጥቅ ባለ ደን ላይ ባብዛኛው የሚመለሰው ከቅጠሉ ነው። ከዚያ የሚወጣው የከፍታ መስመር ዛፉንም አብሮ ስለሚለካ ትናንሽ ሸለቆዎች ይሰወራሉ። መፍትሔው ኮምፓስና ስልክ ይዞ ጫካው ውስጥ መግባት ነው።

በዚህ ካርታ ላይ ደን ነጭ ነው፤ እንደ ልብ የሚሮጥበት ከሆነ። አረንጓዴው የሚቀባው ቁጥቋጦው ሯጩን ሲያዘገየው ነው፤ ፈዛዛው ከመደበኛ ፍጥነት ከ60 እስከ 80 በመቶ ለሚፈቅድ ቦታ፣ ደማቁ ከ20 በመቶ በታች ለሚሆን። የቡና ደን ደግሞ ባለበት አይቆይም። ገበሬዎች ቡናው ከመለቀሙ በፊት ሥር ሥሩን ይመነጥራሉ፤ ክረምት ሲመጣ ቁጥቋጦው መልሶ ያድጋል። በልቀማ ወቅት በነጭ የተሣለ ቦታ በሐምሌ አረንጓዴ ሊገባው ይችላል። በወረቀት ዘመን ይህ እንደ አዲስ መሣልን ይጠይቅ ነበር፤ አሁን የከፍታ መስመሮቹ ሳይነኩ የዚያን ቦታ ምልክት ብቻ መለወጥ ይበቃል። ቁጥቋጦው በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ የደን ካርታ ሲታተም በየትኛው ወር እንደተቃኘ ጠርዙ ላይ መጻፍ ለሯጩ ይጠቅመዋል።