የመጻተኛ ሠራተኞች መምጣትና የአገሬው የእርሻ ሠራተኛ ዕድል

ከውጭ አገር የመጣ ሠራተኛ በእርሻ ላይ በበዛ ጊዜ የአገሬው ሠራተኛ ሥራውን ያጣልን? መጻተኛው ሲቀርስ ዕድሉ ይሰፋለትን? ይህን ለመመርመር ከሚረዱት ታሪኮች አንዱ፥ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1964 በአሜሪካና በሜክሲኮ መካከል የጸናው የብራሴሮዎች ውል ነው። ብራሴሮ የሚለው ስም «ክንድ» ከሚለው የእስፓንያ ቃል የወጣ ነው፤ እኛ «ጉልበት» የምንለውን እነርሱ በክንድ ሰይመውታል።

ውሉ የተጀመረው በጦርነቱ ምክንያት በእርሻው ላይ የሠራተኛ እጥረት ሆነ ስለ ተባለ ነው። ከሰላም በኋላ ግን አልቀረም፤ በ1951 በወጣው ሕግ ጸና፤ በ1956 ብቻ 445,000 ያህል ሰዎች በዚሁ ውል ገቡ።

በሕጉ መሠረት ብራሴሮ የሚቀጠረው የአገሬው ሠራተኛ ሳይገኝ ሲቀር ነበር፤ ደመወዙም በአካባቢው ከተለመደው እንዳያንስ ታዟል። ነገር ግን የተለመደ የተባለውን ደመወዝ አስቀድመው የሚቈርጡት ብዙውን ጊዜ ባለእርሻዎቹ ራሳቸው ነበሩ። የአገሬው ሠራተኛ በዚህ አልሠራም ብሎ ሲሄድ፥ የእርሱ መሄድ እንደ ሠራተኛ እጥረት ይቈጠር ነበር። ብራሴሮውም ለአንድ ቀጣሪ በውል የታሰረ ስለ ሆነ፥ የተሻለ ፍለጋ ወደ ሌላ እርሻ መሄድ አይችልም፤ አቤቱታ ቢያቀርብም ወደ አገሩ እንዳይመለስ ይፈራል። ስለዚህ የአገሬው ሠራተኛ ተወዳዳሪ የሆነበት፥ በደመወዙ ለመከራከር ነጻነት የሌለው ሰው ነበር።

ውሉ በ1964 መጨረሻ ሲቀር የአገሬው ደመወዝ ከፍ ይላል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ይሁን እንጂ ማይክል ክሌመንስ፥ ኢታን ሉዊስና ሐና ፖስቴል በ2018 ባሳተሙት ጥናት፥ ብራሴሮ የበዛባቸውን ክፍለ አገሮች ካልነበረባቸው ጋር ቢያነጻጽሩ፥ ደመወዙም ሥራውም ይህን ያህል አለመጨመሩን አገኙ። ምክንያቱም ባለእርሻው ሌላ ሰው በመቅጠር ፈንታ መሣሪያውን ወይም አዝመራውን ለወጠ። በዴቪስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጃክ ሃና ፍሬው ጠንካራ የሆነና ባንድ ጊዜ የሚበስል ቲማቲም አወጣ፤ ኮቢ ሎረንዘን ደግሞ የመልቀሚያውን መኪና ሠራ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ በካሊፎርኒያ ለፋብሪካ የሚሆነው ቲማቲም ከሞላ ጐደል በመኪና ይለቀም ጀመር።

መኪና ባልገባበት በወይኑ እርሻ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1965 በኮአቼላ ሸለቆ ለመጻተኛው በሰዓት 1.40 ዶላር ሲወሰን፥ በዚያው የሚኖሩት ፊሊፒናውያን ከዚያ ያነሰ ቢሰጣቸው ሥራ አቆሙ፤ 1.40ውንም አገኙ። በመስከረም በዴላኖ የሥራ ማቆም አድማ ተነሣ፤ የሜክሲኮ ተወላጆችም ተባበሯቸው፤ ብዙዎቹ ባለወይኖች በ1970 የኅብረት ውል ፈረሙ። በዚህም ስፍራ «አገሬው» የተባለው ራሱ የቀድሞ መጻተኛ ወይም የመጻተኛ ልጅ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

እንግዲህ የአገሬውን ዕድል የሚወስነው የመጻተኛው ቍጥር ብቻ አይደለም። ቀጣሪው በሰው ፈንታ ምን ሊተካ እንደሚችል፥ ይልቁንም መጻተኛው በምን ዐይነት ውል እንደ ታሰረ አብሮ ሊመረመር ይገባል። የአንዱ አፍ ሲታሰር የሌላውም ደመወዝ አብሮ ይታሰራልና።